ፊልሙ ነው ያበላሻቸው?

ተረት፦ ወሲባዊ ይዘት ያለው ፊልምና ዘፈን የሚያዘወትር ታዳጊ ቀድሞ ግንኙነት ከጀመረ፣ የገፋፋው ያየውና የሰማው ነው።

እውነታ፦ ይህን እምነት ካጠናከሩት አንዱ እነ ጄን ብራውን በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና 1,017 ታዳጊዎች ከ12 እስከ 14 ዓመታቸው ሳሉ ተጠየቁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እንደገና። ከነጮቹ መካከል እንዲህ ያለ ይዘት አብዝተው የሚከታተሉት፣ እምብዛም ከማይከታተሉት ይልቅ ግንኙነት የመጀመር ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ አዩ፣ ቀጥሎ አደረጉ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለ።

በ2011 ላውረንስ ስታይንበርግና ካትሪን ሞናሃን ያንኑ መረጃ ወስደው በሌላ መንገድ አሰሉት። ገና ከጅምሩ ወደዚህ ዓይነት ሚዲያ የማዘንበል ዕድላቸው ተቀራራቢ የሆኑ ልጆችን እርስ በርስ ሲያነጻጽሩ ልዩነቱ ጠፋ። ታዳጊ የሚያየውን ራሱ ይመርጣልና። ጉጉቱ ቀድሞ ያደረበት ልጅ ፊልሙንም ይፈልጋል፣ ፍቅረኛም ይፈልጋል። ወላጆቹ ሥራ ላይ የሚያመሹበት ልጅ ደግሞ ሪሞቱም ነፃነቱም በእጁ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች አዲሱን ስሌት ስለተቃወሙት ክርክሩ አልተዘጋም።

ተረት፦ በመቶ ሺዎች ላይ የተሠራ ጥናት አይሳሳትም።

እውነታ፦ ብዛት በአጋጣሚ የሚመጣን ስህተት ይቀንሳል እንጂ የተደበቀን ምክንያት አያወጣም። ኤሚ ኦርበንና አንድሪው ፕሪዚቢልስኪ በ2019 የ355,358 ታዳጊዎችን መረጃ መረመሩ። በታዳጊዎቹ የሥነ ልቦና ደኅንነት ላይ ከታየው ልዩነት በዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም ሊገለጽ የቻለው ቢበዛ 0.4 በመቶው ነው። ድንች አዘውትሮ መብላትም ከደኅንነት መቀነስ ጋር የዚያን ያህል ተያይዞ ተገኘ።

ድንች ልጆችን ያስተክዛል ያለ ግን የለም።

ተረት፦ መንስኤነቱ ካልተረጋገጠ ሚዲያ ምንም አያደርግም ማለት ነው።

እውነታ፦ ይህም ችኮላ ነው። ሜሊሳ ኪርኒና ፊሊፕ ሌቪን በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤምቲቪ በለጋ ዕድሜያቸው ስላረገዙ ልጃገረዶች በ2009 የጀመረውን ተከታታይ ዝግጅት ፈተሹ። ማን መረጠው የሚለው ጥያቄ እንዳያደናግራቸው፣ ጣቢያው ከዚያ በፊትም በብዛት ይታይባቸው የነበሩ አካባቢዎችን ከሌሎቹ ጋር አነጻጸሩ፤ ዝግጅቱ በ18 ወራት ውስጥ የታዳጊዎችን ወሊድ በ4.3 በመቶ ቀንሷል አሉ። ዴቪድ ጄገርና ባልደረቦቹ ስሌቱን ሲፈትሹት ግን፣ በእነዚያ አካባቢዎች የታዳጊዎች ወሊድ ዝግጅቱ አየር ላይ ከመዋሉ በፊትም የተለየ አካሄድ ይዞ ነበር፤ ስለዚህ ቅናሹን ያመጣው ዝግጅቱ ነው ለማለት ያስቸግራል።