ጠፍቶ የተመለሰ የዓይን ብርሃን

በሕግ ሙያ ውስጥ ላለፍን ሰዎች «ይርጋ» የታወቀ ነገር ነው። መብቱን በጊዜው ያልጠየቀ ሰው፣ እውነት ከእሱ ጋር ብትሆንም በሩ ሊዘጋበት ይችላል። ዓይንም የራሱ ይርጋ አለው። እኛ ግን ዓይናችን ለጥቂት ደቂቃ ጨልሞ ሲመለስ «ድካም ነው»፣ «ኮምፒዩተር ነው»፣ «ጾም ነው» ብለን እናልፈዋለን። ቢበዛ መነጽር ቤት ጎራ እንላለን።

እርግጥ ነው፣ ብዥታ ሁሉ አደጋ አይደለም። ከመቀመጫ ብድግ ሲሉ ለሰከንዶች ጭልም ማለት ብዙውን ጊዜ የደም ግፊት ለአፍታ ሲወርድ የሚመጣ ነው። በማይግሬን ደግሞ የሚያብለጨልጭ ዚግዛግ መስመር ቀስ እያለ ይሰፋና አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠፋል። ራስ ምታት ሊከተለውም ላይከተለውም ይችላል። መነሻው አንጎል ስለሆነ በሁለቱም ዓይኖች ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከሰት ግን፣ በተለይ ከ50 ዓመት በኋላ፣ «ማይግሬን ነው» ብሎ መፍረድ ያለበት ሐኪም ነው።

ስለዚህ ብዥታው እንደመጣ አንዱን ዓይን፣ ቀጥሎም ሌላውን በእጅ ሸፍኖ ማየት ይጠቅማል። የትኛው ዓይን? ስንት ደቂቃ? ለሐኪሙ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ቀጠሮ የማይሰጡ ሦስት ሁኔታዎች አሉ።

አንደኛ፣ በአንድ ዓይን ላይ መጋረጃ እንደወረደ ሆኖ ጨልሞ ቢመለስ፣ ከአንገት የደም ሥር የተነሳ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ነገ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። በዕለቱ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የንግግር መተሳሰር ወይም የእጅና የእግር መዛል ካለ ደግሞ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከ50 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ የራስ ምታትና ሲያኝኩ የመንጋጋ ሕመም ከታከለበት፣ የደም ሥር ብግነት ሁለተኛውንም ዓይን በቀናት ውስጥ ሊያጠፋ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ድንገተኛ የብርሃን ብልጭታ፣ የሚንሳፈፉ አዳዲስ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም ከጎን የሚመጣ ጥላ የሬቲና መቀደድ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለማያም ይናቃል። መሃሉ ሳይላቀቅ ከተደረሰበት ግን በጨረር ወይም በቀዶ ሕክምና ዓይንን የማዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ሦስተኛ፣ የሚያም ቀይ ዓይን፣ በአምፑል ዙሪያ የቀለበት ቀለማትና ትውከት ድንገተኛ ግላኮማን ያመለክታሉ።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባላጋራ ይርጋን ካላነሳው ዳኛው በራሱ አያነሳውም። ዓይን እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለውም፤ ማንም ሳያነሳበት ጊዜው ያልፋል።