ታንኳና የብስ፤ የጣና የደንገል ታንኳ ከውኃ ሲወጣ የሚደርስበት ጉዳት፣ ጥበቃውና ጥገናው

ጀልባ የሚሠራው ለውኃ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ግን ከውኃ በሚወጣበት ሰዓት ነው። የዚህም ምክንያት ግልጽ ነው። ውኃ በላዩ የተቀመጠውን አካል ከሥር በሙሉ ደግፎ ይሸከማል፤ የብስ ግን የሚሸከመው በነካው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። በሐይቅ ላይ ለመላው አካል የተከፋፈለው ክብደት በዳር ላይ በአንድ ድንጋይ ጫፍ ሊሰበሰብ ይችላል። ስለዚህ ጀልባ በሚሠራበት አገር ሁሉ ከመሥራት ጥበብ ጎን ለጎን ከውኃ አውጥቶ የማሳረፍ ጥበብ አለ። ሁለተኛው ጥበብ ከአንደኛው ይልቅ ከተመልካች ዐይን ይሰወራል፤ ነገር ግን የጀልባውን ዕድሜ የሚወስነው በአብዛኛው እርሱ ነው። የጣና ሐይቅ ታንኳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ጣና በስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አያልፍም። በዚህ ሰፊና ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ታንኳ ከጥንት ጀምሮ ዓሣ አጥማጁን፣ መነኰሴውን፣ ነጋዴውንና የማገዶ እንጨት ሻጩን ሲያገለግል ኖሯል። እ. ኤ. አ. በ1770 ወደ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይህን መጓጓዣ በስሙ ጠቅሶ ጽፎታል፤ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማንም እ. ኤ. አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሐይቁና ስለ ታንኳዎቹ ዘርዝሯል። በታንኳ ሥራ ስማቸው ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦ የተባሉት ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ቀድሞ ጉማሬ በማደን ይታወቁ ነበር፤ የራሳቸውም ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው።

የታንኳው ጉዳትና ጥገና የሚገባው የተሠራበት ተክል ሲታወቅ ነው። ደንገል በረግረግና በሐይቅ ዳር የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት እጅግ የሚረዝም፣ አገዳው ባለ ሦስት ማዕዘን የሆነ ተክል ነው። ውጫዊው ቅርፊት ቀጭንና ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ግን ነጭ፣ ቀላልና በአየር የተሞላ ነው። ታንኳውን የሚያንሳፍፈው በውስጡ ያለው አየር ነው፤ አየሩን የሚጠብቀው ደግሞ ቅርፊቱ ነው። ቅርፊቱ በተፋቀበት፣ አገዳው በታጠፈበት ወይም ጫፉ በላላበት ቦታ ውኃ ይገባል፤ በአየሩም ፈንታ ይተካል። ታንኳ እንደ እንጨት ጀልባ በአንድ ቀዳዳ አይሰጥምም፤ ቀስ በቀስ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ወደ ታችም ይወርዳል።

አሠራሩም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ደንገሉ ተቆርጦ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም በእስር በእስር ተደርጎ በልጥ ጠብቆ ይታሰራል። እስሮቹ ተጋጥመው ወለሉንና ጎኖቹን ያበጃሉ፤ የፊቱ ጫፍ ወደ ላይ ቀና ይላል። በውስጡ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረጋል፤ ቀዛፊውና ጭነቱም በዚህ ላይ ስለሚቀመጡ ከሥር ከሚያሰርገው ውኃ ይጠበቃሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሚስማር የለም። ታንኳውን ታንኳ የሚያደርገው የማሰሪያው ጥብቀት ብቻ ነው።

በየብስ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በሦስት ይከፈላል። አንደኛው የመጎተት ጉዳት ነው። የጣና ዳር በብዙ ቦታ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ውኃ የጠጣ ታንኳ በዚህ ላይ ሲጎተት የሥረኛው እስር ቅርፊት ይፋቃል፣ ልጡም ይበጠሳል። ሁለተኛው የመጫን ጉዳት ነው። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ የሚወስድ ታንኳ ገና በዳር ላይ ተቀምጦ ሳለ ቢጫን፣ የእንጨቱ ክብደት ሁሉ መሬት በነካው ጥቂት እስር ላይ ይወድቃል፤ ከዚያም ተገፍቶ ወደ ውኃ ሲገባ አገዳው ይሰበራል። ሦስተኛው የማሳረፍ ጉዳት ነው። በእርጥብ መሬት ላይ ተጋድሞ የሚያድር ታንኳ ከላይ ቢደርቅም ከሥሩ ይበሰብሳል።

ጥበቃው ለእነዚህ ለሦስቱ መልስ ነው። ለመጎተት መልሱ ማንሣት ነው፤ ታንኳ ጭነቱን አራግፎ ውኃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ ከሁለት ወገን ተይዞ ይነሣል፤ መጎተት ግድ ቢሆን እንኳ በሣር ወይም በተነጠፈ ደንገል ላይ ይሁን። ለመጫን መልሱ ታንኳው በውኃ ላይ ሳለ መጫን ነው፤ ያን ጊዜ ክብደቱን መላው አካል ይካፈለዋል። ለማሳረፍም መልሱ ታንኳውን ማቆም ነው። በሐይቁ ዳር ታንኳዎች በአንድ ጫፋቸው ቆመው ዛፍ ተደግፈው ይታያሉ። እንግዳ ሰው ይህን ቦታ ለመቈጠብ የተደረገ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ታንኳው በዚህ አቋም ውኃውን ወደ ታች ያንጠፈጥፋል፣ ነፋስና ፀሐይ በሁለት ወገን ያገኙታል፣ ሥሩም ከመሬት ይለያል።

ጥገናው የሚጀምረው ከማሰሪያው ነው። ደንገል ሲደርቅ ስለሚኰማተር የትናንት ጥብቅ ማሰሪያ ዛሬ ይላላል፤ እርሱን እንደ ገና ማጥበቅ የዘወትር ሥራ ነው። ቅርፊቱ የተፋቀ አገዳ ተመዝዞ በአዲስ ይተካል፤ የውስጡ ንጣፍ ይለወጣል። መላው አካል ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ግን መጠገኑ ይቀርና አዲስ ይሠራል፤ የታንኳ ዕድሜ አጭር ነውና። የታንኳ ሠሪ ዓላማ የማይሰበር አካል ማበጀት ሳይሆን፣ ጥሬ ዕቃው በዳር እስካለ ድረስ በቀላሉ የሚታደስ አካል ማበጀት ነው።

የማሰሪያው ነገር ከጣና ርቆም ተፈትኗል። የኖርዌይ ተወላጅ ቶር ሄየርዳል እ. ኤ. አ. በ1969 ራ የተባለውን ጀልባ ከጣና በተወሰደ ደንገል በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ አሠራ፤ ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። ጀልባው ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሥቶ አትላንቲክን ሲያቋርጥ የኋላው ጫፍ ዘቀጠ፣ ማሰሪያዎቹ ተበጠሱ፤ ባርባዶስ ሳይደርስም ተተወ። በሚቀጥለው ዓመት ከቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች ያበጁት ሁለተኛው ራ ግን በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰ። ሁለቱም የደንገል ጀልባዎች ነበሩ፤ የለያቸው የአሠራራቸውና የአስተሳሰራቸው ስልት ነው።

በዛሬው ጊዜ በሐይቁ ላይ የፋይበርግላስና የብረት ጀልባዎች በዝተዋል። እነዚህ በመኪና ተሳቢ ሲጫኑ የሚደርስባቸው ጉዳት ከታንኳው ጉዳት ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ተሳቢው በጥቂት ጠባብ ድጋፍ ብቻ ሲሸከማቸው በዚያው ቦታ ይሰነጠቃሉ ወይም ይጎደጉዳሉ። መልሱም አንድ ነው፤ ድጋፉን በአካሉ ርዝመት ማስፋት፣ በለስላሳ ነገር መሸፈን፣ ተሳቢውን ወደ ውኃ አስጠልቆ ጀልባውን ተንሳፎ ማግባት። ልዩነቱ በጥገናው ላይ ነው፤ የፋይበርግላስ መጠገኛ ከሩቅ በገንዘብ ይገዛል፣ የታንኳ መጠገኛ ግን በሐይቁ ዳር ይበቅላል።

ይህም ቢሆን ሳይቋረጥ ይኖራል ማለት አይደለም። እ. ኤ. አ. በ2003 የሐይቁ ውኃ በእጅጉ ዝቅ ባለ ጊዜ የተጋለጠው ዳር ታረሰ፤ ከ2011 ወዲህም እምቦጭ የተባለው አረም የዳሩን ውኃ ወርሯል። የደንገሉ ቦታ ሲጠብ ታንኳ ሠሪው የሚያጣው አዲስ ታንኳ የሚሠራበትን ዕቃ ብቻ አይደለም፤ አሮጌውን የሚጠግንበትን፣ ሲያወጣውም ከሥሩ የሚያነጥፈውን ጭምር ነው። የማንሣት፣ የማቆምና የማጥበቅ ዕውቀት ደግሞ በእጅ እንጂ በመጽሐፍ አልተቀመጠም፤ እጁ ሥራ ሲፈታ ዕውቀቱም አብሮ ይፈታል። ስለዚህ የጣናን ታንኳ የሚያጠና ሰው በውኃ ላይ ሲሄድ ብቻ ሳይሆን ጉዞው አልቆ ከውኃ ሲወጣም ሊመለከተው ይገባል።