አንዲት ጥያቄ በመንጃ ፈቃድ መስኮት

አንድ ሰው መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ወይም ለማሳደስ ወደ መሥሪያ ቤት ሲሄድ የሚያስበው ስለ ፎቶግራፉ፣ ስለ ዓይኑ ምርመራና ስለ ተራው ርዝመት ነው እንጂ ስለ ሞቱ አይደለም። ዳሩ ግን በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ባለ ጉዳዩ ስሙንና አድራሻውን ሞልቶ ሲጨርስ አንዲት ያልጠበቃት ጥያቄ ትገጥመዋለች። ይህችውም በሞቱ ጊዜ ኩላሊቱን፣ ጉበቱን፣ ሳምባውን፣ ልቡን ለሌላ በሽተኛ ለመስጠት ይፈቅድ እንደ ሆነ የምትጠይቀው ናት።

ዛሬ ስለዚህች ጥያቄ ከአንባቢዎቻችን ጋር ለመነጋገር አስበናል። ምክንያቱም ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ወይ ዛሬ ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጠው ፎርም የሚቀበሉ፣ ወይ ነገ ትምህርታቸውን ጨርሰው ፎርም የሚያዘጋጁ ናቸው። አንድ ፎርም ምን ያህል የሰው ሕይወት ሊሸከም እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘንም።

ነገሩ የጀመረው በሐኪም ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ዶክተር ጆሴፍ መሪ በቦስተን ከተማ ከአንድ መንታ ወንድም ኩላሊት ወስደው ለሌላው መንታ ተከሉለት፤ ሥራውም ተሳካ። በ1967 ደግሞ ዶክተር ክሪስቲያን ባርናርድ በኬፕ ታውን የሰው ልብ ከሰው ወደ ሰው አዛወሩ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1968፣ አሜሪካኖች አንድ ሰው በሕይወቱ ሳለ አካሉን ከሞተ በኋላ እንዲሰጥ የሚያስችለውን ሕግ አረቀቁ። በመጀመሪያው ጊዜ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ስሙን የፈረመባትን ካርድ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ካርዲቱ ግን ትጠፋለች፤ ወይም አደጋ በደረሰበት ቀን ከቤት ትረሳለች። መንጃ ፈቃድ ግን ብዙው ሕዝብ የሚይዘው፣ በየጥቂት ዓመቱም የሚያሳድሰው ወረቀት ነው። ስለዚህ ጥያቄዋን ወደ መንጃ ፈቃድ መስኮት ማምጣት ብልኅነት ሆነ።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት ቁጥሩን መመልከት ይበቃል። በአሜሪካ ብቻ የሌላ ሰው አካል የሚጠባበቁት በሽተኞች ከ100,000 በላይ ናቸው። በሌላ ወገን፣ አካሉን ለመስጠት በሚያስችል ሁኔታ የሚሞተው ከ1,000 ሰው 3ቱ ያህል ብቻ ነው። ልብ ደግሞ ከሰውነት ከወጣ በኋላ የሚቆየው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ የሟቹ ፈቃድ ምን እንደ ነበረ ካልታወቀ፣ እስከ ስምንት ሰው ሊያድን የሚችለው ስጦታ አብሮት ይቀበራል። ሟቹ በልቡ ፈቃደኛ ሆኖ ሳለ «አልጠየቁኝ፣ አልነገርኳቸው» እንደሚባለው ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ጥያቄዋን በፎርሙ ላይ ማተም ብቻ ይበቃልን? አይበቃም። ያለፉት ዓመታት ልምድ የሚያስተምረን አራት ነገር አለ።

አንደኛው፣ መልሱ በሕግ የጸና መሆን አለበት። በኢሊኖይ ግዛት እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ አንድ ሰው ስሙ በለጋሾች መዝገብ ቢሰፍርም እንኳ ቤተ ዘመዱ በኀዘን ተውጦ ሳለ እንደገና ይጠየቅ ነበር፤ ዘመዶቹ እንቢ ካሉም የሟቹ ቃል ይፈርስ ነበር። ከጥር 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው የሰጠው ፈቃድ በራሱ ይበቃል። በዚያው ዓመት የተሻሻለው የአሜሪካ የአብነት ሕግም ይህንኑ አጸና። ይህ ለሟቹ ብቻ ሳይሆን ለቤተ ሰቡም እረፍት ነው፤ በለቅሶ መካከል ከባድ ውሳኔ ከመወሰን ያድናቸዋልና።

ሁለተኛው፣ የጥያቄዋ አነጋገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የእንግሊዝ መንግሥት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ወይም የመኪና ግብር ለመክፈል በኢንተርኔት የመጡ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን በስምንት ምድብ ከፍሎ ለየምድቡ ልዩ ልዩ ጽሑፍ አሳየ። አንዱ ጽሑፍ ሰውን እንዲመዘገብ ብቻ ይጋብዛል። ሌላው ለጋሽ በማጣት ስለሚሞቱት ይናገራል። አንዱ ሌሎች ሰዎች በብዛት እየተመዘገቡ መሆናቸውን ይገልጻል፤ ይህንኑ ቃል ፈገግ ካሉ ሰዎች ፎቶግራፍ ጋር ያቀረበም ነበር። ከሁሉ የበለጠው ግን አንባቢውን በራሱ ላይ እንዲፈርድ ያደረገው ሆነ፤ እርስዎ ራስዎ የሌላ ሰው አካል ቢያስፈልግዎ ይቀበሉ ነበርን? እንግዲያውስ ሌሎችን ይርዱ የሚለው። ይህ አነጋገር ከተራው ግብዣ ጋር ሲወዳደር በዓመት 96,000 ያህል ተጨማሪ ለጋሾች እንደሚያስገኝ ተገመተ። ፎቶግራፍ ያለበት ግን ከተራው ግብዣ እንኳ አነሰ። ጌጥ ሁሉ አያምርም፤ ፎርም የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ማስታወስ አለበት።

ሦስተኛው፣ ጠያቂውና አጠያየቁ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ኦሃዮ በ12 የመንጃ ፈቃድ ቅርንጫፎች ተደርጎ በ2012 የታተመ ጥናት አለ። ወደ መስኮቱ ከመድረሳቸው በፊት የአምስት ደቂቃ ፊልም ካዩት ሰዎች 84 ከመቶው ፈቀዱ፤ ካላዩት የፈቀዱት ግን 72 ከመቶው ነበሩ። ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል ልዩነቱ የበለጠ ሰፊ ነበር፤ 76 ከመቶ በ54 ከመቶ አንጻር። የአምስት ደቂቃ ማስረዳት ይህን ያህል ከሠራ፣ ሰልፉ እንዲያልቅለት ብቻ እየቸኮለ፣ ቀና ብሎም ሳያይ «አዎን ወይስ አይደለም?» የሚል ጸሐፊ ምን ያህል ሊያጠፋ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ቋንቋም ከዚሁ ጋር ይቆጠራል። በዋሽንግተን ከተማ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና በአማርኛ ጭምር ይሰጣል፤ በዚያ የሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙ ናቸውና። ፈተናውን በአማርኛ ያለፈ ሰው የልገሳው ጥያቄ በደንብ በማይገባው ቋንቋ ቢቀርብለት «አይሆንም» ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ሳይገባው «እሺ» ቢልም ፈቃድ ሰጠ ሊባል አይገባም።

አራተኛው፣ ደጋግሞ መጠየቅ ነው። ጀድ ኬስለርና አልቪን ሮዝ የተባሉት የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት በ2014 ባወጡት ጥናት ሰውን «አዎን» ወይም «አይደለም» ብሎ እንዲቆርጥ ማስገደድ የለጋሾችን ቁጥር እንዳላሳደገ፣ ቀድሞ ያልተመዘገበውን ሰው እንደገና መጠየቅ ግን እንደ ጠቀመ አሳይተዋል። ዛሬ የፈራ ሰው ከአራት ዓመት በኋላ ፈቃዱን ሲያሳድስ ዘመድ ታሞበት፣ ነገሩን በሌላ ዓይን ሊያየው ይችላል። ስለዚህ የዛሬውን እንቢታ በአክብሮት ተቀብሎ በሚቀጥለው ጊዜ በትሕትና መጠየቅ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ግን የሚቆመው በአመኔታ ላይ ነው። ሰዎችን ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋቸው «ስሜ በመዝገብ ካለ ሐኪሙ ሊያድነኝ አይደክምም» የሚለው ሐሳብ ነው። ሕጉ ለዚህ መልስ አለው፤ ሞትን የሚያረጋግጠው ሐኪም አካሉን በማውጣትም ሆነ በመትከል ሥራ እንዳይገባ ይከለክላል። ሆኖም ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ አይበቃም። በ2025 የአሜሪካ የጤና ሚኒስቴር በኬንታኪና በአካባቢው የልገሳ ሥራ ከሚያካሂድ ድርጅት 351 ጉዳዮችን አስመርምሮ፣ ቢያንስ 28 በሽተኞች ዝግጅቱ ሲጀመር ምናልባት ገና አልሞቱም ነበር የሚል አስደንጋጭ ውጤት አወጣ። ወሬው እንደ ተሰማ በአገሪቱ ብዙ ሰዎች ስማቸውን ከመዝገብ አስፋቁ። በመስኮት ብዙ ዓመት የተሰበሰበ ፈቃድ በአንድ ሳምንት እንዴት እንደሚበተን ከዚህ መማር ይቻላል። መስኮቱ ቃል ይቀበላል፤ ቃሉን የሚጠብቀው ግን ሐኪም ቤቱና ተቆጣጣሪው ናቸው።

በአገራችንስ? የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ተቋቁሞ ሰዎች ከሞቱ በኋላ የሚወሰደውን የዓይን ብሌን ለማየት ለተሳናቸው እንዲያበረክቱ ቃል ሲያስገባ ቆይቷል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል፤ በዚያ ኩላሊቱን የሰጠው ግን በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ከሟች ለሚገኝ ኩላሊት ወይም ልብ የሠለጠነ ሐኪም፣ ሌሊትና ቀን የሚሠራ መዝገብና ግልጽ ሕግ አስቀድሞ መገኘት አለበት። ይህ ሳይኖር ጥያቄዋን በፎርም ላይ ብናትማት ቀለም ከማባከን አታልፍም። የዓይን ብሌን ልገሳ ግን መንገዱ የተጠረገ ነውና ሰውን በአክብሮት የመጠየቁን ሥራ ከዚያ ብንጀምር የሚከለክለን ነገር አይታየንም።

መቼም የመሥሪያ ቤት ሥራ የሚንቀው ሰው ብዙ ነው። ማኅተም መምታት፣ ፎርም መቀበል፣ ተራ ማስጠበቅ ለወጣት ምሩቅ አሰልቺ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በአንድ መስኮት በደንብ የተጠየቀች አንዲት ጥያቄ በሌላ ከተማ አልጋ ላይ ለተኛ፣ ስሟን እንኳ ለማናውቃት እናት ኩላሊት ልታስገኝ ትችላለች። ጥያቄዋን የጠየቀው ጸሐፊ ይህን መቼም አያውቅም፤ ምስጋናም አይደርሰውም። ሥራው ግን የሐኪሙን ሥራ ያህል ያስፈልጋል። ከመስኮቱ ወዲያ የምትቀመጡ ወጣቶች ሆይ፣ ባለ ጉዳዩን ቀና ብላችሁ እዩት፤ በሚገባው ቋንቋም ጠይቁት፤ «እሺ» ቢላችሁም «አይሆንም» ቢላችሁም መልሱን በትክክል መዝግቡለት።