የሠርግ ዳስ

የሠርግ ዳስ ለሠርግ ድግስ ተብሎ ከእንጨትና ከቅጠል የሚሠራ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚቆም መጠለያ ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ባሉ ገጠሮች፣ የሠርግ ቤት ማስዋብ ማለት በመጀመሪያ ዳስ መጣል ማለት ነው፤ ሌላው ጌጥ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቃሉ ከሠርግ ውጭም ይሠራበታል። በመጽሐፍ ቅዱስ «የዳስ በዓል» ተጠቅሷል፤ ግድግዳና ጣሪያቸው በወጉ ያልተሠራ የገጠር መማሪያ ክፍሎችም «የዳስ ትምህርት ቤት» ይባላሉ።

ወቅቱ

ቢቸና የእነማይ ወረዳ ከተማ ናት፤ ሞጣ ደግሞ በሁለት እጁ እነሴ በኩል ትገኛለች። ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ደጋማ ከተሞች ናቸው። በአካባቢው ሠርግ በብዛት የሚደገሰው በጥር ወር ነው። በዚያን ጊዜ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾምም ገና አልደረሰም። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታትም የሠርግ ጊዜ ናቸው።

የዳሱ ዓይነት በዚሁ ይወሰናል። በጥር ዝናብ ስለሌለ ቅጠል የለበሰ ጣሪያ የቀኑን ፀሐይና የሌሊቱን ውርጭ ከከለከለ ይበቃል። ከፋሲካ በኋላ ግን ድንገተኛ ዝናብ ይጥላል፤ ቅጠል ብቻውን ያፈሳል። ስለዚህ ከቅጠሉ በላይ ሸራ ወይም ላስቲክ ይደረባል፤ ወይም ከዕድር ድንኳን ይወሰዳል።

አጣጣሉ

ዳስ የሚጣለው በደቦ ነው። የሠፈሩ ወንዶች እንጨት ቆርጠው፣ ጉድጓድ ቆፍረው ባላ ይተክላሉ፤ በባላው ላይ ወራጅ ያጋድማሉ፤ በወራጁ ላይ ቀጫጭን እንጨት ረብርበው በልጥ፣ በሐረግ ወይም በገመድ ያስራሉ። በመጨረሻ ቅጠላም ቅርንጫፍ ይለብሳል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር ገብቶ ከተስፋፋ ወዲህ አብዛኛው ባላና ወራጅ ከእርሱ ነው፤ ቀጥ ያለና በቶሎ የሚያድግ ስለሆነ ይመረጣል።

የእንጨቱን ብዛት አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ለምሳሌ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሜትር የሆነ ዳስ ባላው በየ2 ሜትሩ ቢተከል በአንድ መስመር 7 ባላ ያስፈልገዋል። ሁለቱ ጎንና መካከሉ ሲደመሩ 21 ይሆናል። በርዝመቱ አራት ረድፍ አግዳሚ ቢዘረጋና ለአንድ ሰው ግማሽ ሜትር ቢታሰብ ወደ 96 እንግዳ ይቀመጣል። ሠርገኛ ግን በተራ ተነሥቶ በተራ ስለሚበላ፣ በቀን የሚስተናገደው ሰው ከዚህ እጅግ ይበዛል።

ባላው ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በፊት ቢተከል ጉዳት የለውም። ቅጠሉ ግን ከዋዜማው በፊት ባይለብስ ይመረጣል፤ በደጋ ፀሐይ ቶሎ ጠውልጎ ይረግፋል፣ መልኩም ይጠፋል። ከመልኩ ይልቅ የሚያሳስበው ግን እሳት ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ ሲደርቅ እንደ ጭድ ይቀጣጠላል። ወጥ የሚሠራበት ዳስ ከእንግዳው ዳስ ርቆ፣ ነፋሱ ከሚነፍስበት በተቃራኒ አቅጣጫ ሊጣል ይገባል። የቡና ከሰልም ከቅጠሉ መራቅ አለበት። ሌሊት ለመብራት ሻማ ወይም ኩራዝ በባላ ላይ ማንጠልጠል የለመደ ነገር ቢሆንም አደገኛ ነው፤ በባትሪ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት በየገበያው ስላለ ምክንያት አይኖርም።

ወለሉና ጌጡ

ወለሉ በቄጠማ ይጎዘጎዛል። ቄጠማ የሚበቅለው በረግረግና በምንጭ ዳር ነው፤ በጥር ደግሞ ብዙው መሬት ደርቋል። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱ ወንዞችና ምንጮች ያሉበት ሠፈር ይቀለዋል፣ ሌላው ግን ከሩቅ ማስመጣት ወይም ከገበያ መግዛት አለበት። ረግረጉ እየታረሰና እየታጨደ ሲሄድ ቄጠማውም አብሮ ይሳሳል። እጥረት ሲኖር መላው ዳስ ከሚጎዘጎዝ መግቢያውንና የሙሽሮቹን ፊት ብቻ ማልበስ ያምራል፣ ቄጠማም ይቆጥባል።

መቀመጫው ከእንጨት የተረበረበ አግዳሚ ነው። ለሽማግሌዎችና ለካህናት ምንጣፍ ወይም አጎዛ ይነጠፋል። የሙሽሮቹና የሚዜዎቹ ቦታ ከፍ ተደርጎ ይሠራል፤ ከጀርባውም ንጹሕ ጋቢ፣ ነጠላ ወይም ባለጥለት ጨርቅ ይዘረጋል። አረንጓዴ ቅጠል ላይ ነጭ ጥጥ ጎልቶ ስለሚታይ ሌላ ቀለም መጨመር ብዙም አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚደምቀው የሴቶቹ የስፌት ሥራ ነው። መሶብ፣ ሰፌድ፣ አገልግልና ሙዳይ ከስንደዶና ከአክርማ ይሰፋሉ፤ በቀለም የተነከረው ስንደዶ አለላ ይባላል። አንድ መሶብ ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅ፣ በዳሱ የሚሰለፈው ስፌት የእናትየዋን የዓመታት ድካም ያሳያል። ጋንና እንስራ፣ ብርሌና ዋንጫ ግን ለጌጥ ተብለው አይደረደሩም፤ ጠላና ጠጅ ስላለባቸው ነው እዚያ ያሉት።

ሙሽራዋ እጅና እግሯን እንሶስላ ትሞቃለች። በቅሎ በሚገኝበት ቤት በቅሎዋ ግላስ ለብሳ ትቀርባለች። ቃጭሏ ከሩቅ ስለሚሰማ የሙሽራውን መድረስ ከሚዜዎቹ ጭፈራ ቀድማ የምታበሥርበት ጊዜ አለ።

ወጪውና ያለዕድሜ ጋብቻ

እንጨቱና ጉልበቱ ከመንደር ቢገኝም ዳስ ከጣሉ በኋላ ያለው ድግስ ከባድ ነው፤ ከብት ሸጦ ወይም ተበድሮ የሚደግስ አለ። በአማራ ክልል ገጠሮች ይህ ወጪ አንድ ክፉ ልማድ አስከትሏል፦ ለታላቋ ዳስ ከተጣለ አይቀር ተብሎ ታናናሾቿም በዚያው ዳስ ሥር ይዳራሉ። ከነዚህ ውስጥ ገና ትምህርት ቤት ያሉ ሕፃናት ይገኙበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ፆታ 18 አደረገው፤ የአማራ ክልልም በኋላ በራሱ የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ ደንግጓል። ሕጉን ለመሸሽ ድግሱን ማኅበር ወይም ተዝካር አስመስሎ መደገስም የታወቀ ነው። ስለዚህ ዳሱን ማሳነስ ቁጠባ ብቻ አይደለም። ሠርጉ በትንሽ ዳስ ማለፍ ከቻለ «ወጪው አንድ ጊዜ ይውጣ» የሚለው ምክንያት ይዳከማል።

በከተማ

በውጭው ዓለም «ራስቲክ» የሚባል የሠርግ ዲኮር አለ፤ በእርሻ ጎተራ ውስጥ ያልተላገ ጣውላ፣ ጆንያና የመስታወት ማሰሮ ለጌጥ ይውላሉ። ጎጃም ውስጥ ጆንያ እህል መያዣ ነው፤ በሠርግ ዳስ የሚሰቅለው ሰው ቢገኝ እንግዳው እህል የት እንደፈሰሰ ይጠይቀዋል። የእኛዎቹ ከተሞች በበኩላቸው በመልስ ቀን አዳራሹን በመሶብ፣ በሰፌድና በጋን ያስውባሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጋኑ ባዶ፣ ቄጠማውም ፕላስቲክ ነው። ዕቃውን ከመከራየት ከዘመድ ቤት መዋስ ርካሽ ነው፣ ስፌቱም የማን እጅ እንደሆነ ይታወቃል።

ዳሱ ሲፈርስ

ድግሱ ሲያበቃ ዳሱ በመጣበት ደቦ ይፈርሳል። ቀጥ ያለው ባላና ወራጅ ለአጥር ወይም ለሌላ ቤት ይቀመጣል፣ የተሰበረው ለማገዶ ይሆናል። የደረቀው ቅጠል ደግሞ ምጣድ ስር ይማገዳል።