ለጡት በሽታ የሚሠራውን መድኃኒት ለይቶ ማወቂያ ሁለት የላቦራቶሪ ዘዴዎች

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

መግቢያ

የላም ጡት አብጦ ወተቱ ሲጓጉል ባለቤቱ በቅድሚያ የሚጠይቀው የትኛው መድኃኒት እንደሚያድናት ነው። ባክቴሪያው የተላመደው መድኃኒት ቢሰጥ ገንዘብ ከመባከኑም በላይ የታመመው ጡት ደርቆ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙባቸውን ሁለት ዘዴዎች በሐርላና በአካባቢው ለሚሠሩ ባልደረቦቻችን እናነጻጽራለን።

1. የክብ ወረቀት ዘዴ

ከወተቱ የተለየው ባክቴሪያ በተመጠነ ብዛት በአጋር ሳህን ላይ ይቀባል። መድኃኒት የያዙ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች በላዩ ይደረጉና ሳህኑ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ከገታው በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ቀለበት ይታያል። ስፋቱ በሚሊ ሜትር ተለክቶ ከሠንጠረዥ ጋር ሲመሳከር «ይሠራል»፣ «መካከለኛ» ወይም «ተላምዷል» ይባላል።

ማሳሰቢያ፦ ሰፊ ቀለበት ያሳየ መድኃኒት ከሌላው ይበልጣል ማለት አይደለም። መድኃኒቶች በአጋር ውስጥ የሚሰርጉበት ፍጥነት ስለሚለያይ እያንዳንዱ የሚመዘነው በራሱ ወሰን ብቻ ነው።

2. የማቅጠን ዘዴ

መድኃኒቱ በተከታታይ ቱቦዎች በግማሽ እየተቀነሰ ይጨመራል፤ ለምሳሌ 4፣ 2፣ 1 እና 0.5 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር። ባክቴሪያው በ0.5 በቅሎ በ1 ካልበቀለ ውጤቱ 1 ነው። ዘዴው መጠኑን በቁጥር ይገልጻል፤ ሆኖም ብዙ ዕቃና ድካም ይጠይቃል።

3. የቱ ይመረጣል?

ብዙ መድኃኒቶችን በአንድ ሳህን በአነስተኛ ወጪ ስለሚፈትን ለማኅበራት የመጀመሪያው በቂ ነው። ሁለተኛው የሚያስፈልገው ውጤቱ ሲያጠራጥር ወይም እንደ ኮሊስቲን በአጋር ውስጥ በደንብ የማይሰርግ መድኃኒት ሲፈተን ነው።

4. የናሙና አወሳሰድ

ናሙናው ከተበላሸ ሁለቱም ዘዴዎች ዋጋ የላቸውም። ስለሆነም፦

ሀ) ናሙናው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ይወሰድ።
ለ) ጡቱ ታጥቦ ይድረቅ፤ ጫፉም በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ።
ሐ) መጀመሪያ የሚታለበው ጥቂት ወተት ተደፍቶ ቀጣዩ ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ይያዝ።
መ) የድሬዳዋ ሙቀት ሌሎች ባክቴሪያዎችን ስለሚያራባ ናሙናው በበረዶ ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ።

መደምደሚያ

የላቦራቶሪ ውጤት ምርጫን ያቃናል እንጂ ብቻውን አያድንም። መጠኑንና የሕክምናውን ቀናት የእንስሳት ሐኪም ይወስን። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ ሳያበቃም የታከመች ላም ወተት ወደ ማኅበሩ ማጠራቀሚያ እንዳይገባ አደራ እንላለን።