አለቃው አዲስ አበባ፣ ሠራተኛዋ ደብረ ወርቅ

በውስጥ መስመር የመጣች ጥያቄ ናት፤ ጠያቂዋ ስለፈቀደች እዚሁ ልመልሳት። ልጅቱ ደብረ ወርቅ እናቷ ቤት ሆና፣ መብራትና ኔትወርክ ሲፈቅዱ፣ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት በላፕቶፕ ትሠራለች። አለቃዋ ማታ ማታ በቴሌግራም ይጽፍላታል። መጀመሪያ ስለ ሪፖርት ነበር። ቀጥሎ «ፎቶሽን ላኪልኝ» መጣ። ውሏ ሊታደስ ሲል ደግሞ «ነይና አብረን እንደር፣ የውሉን ነገር እዚያው እንጨርሳለን»። እሷም «ጋሼ፣ በአካል አይቶኝ እንኳ አያውቅም፤ ይሄ በሕግ ትንኮሳ ይባላል?» ትላለች።

ይባላል።

ሰው የሚደናገረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 14 ነው። እዚያ የተከለከለው «በሥራ ቦታ» የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳ ነው። የአሠሪ ጠበቃ መጀመሪያ የሚይዘው ይህችን ነው፤ እሷ እናቷ ቤት ናት፣ መልእክቱም የግል ነው ይላል። እኔ አልቀበለውም። ያው አዋጅ አንቀጽ 2 ላይ ትንኮሳን ሲተረጉም በንግግር፣ በምልክት ወይም በማናቸውም ሌላ ሁኔታ ሰውን ያለፈቃዱ ለወሲብ ማግባባት መሆኑን ይናገራል። ቴሌግራም ከዚህ የሚወጣበትን መንገድ የሚያውቅ ያስረዳኝ። አንቀጽ 46 ደግሞ በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ ሆኖ ለአሠሪ ስለሚሠራ ሰው ነው፤ ስለዚህ ቤት የሥራ ቦታ መሆኑ ለሕጉ እንግዳ አይደለም። በዓለም ደረጃ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 ከሥራ ጋር በተያያዘ በኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ የሚደረግን ግንኙነት በስሙ ጠርቶ አካቶታል። የእኛም አዋጅ እንዲህ ቢያፍታታው ኖሮ እኔም እዚህ ባልደከምኩ።

ዋናው ግን አንቀጽ 32 ነው። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ትንኮሳ ከፈጸመባት፣ ያለማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። ስንብት ክፍያዋ ላይ የ90 ቀን ደመወዟ በካሳነት ይጨመራል። ሰዓቱ ግን ይሮጣል፤ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካቆመበት ቀን ጀምሮ 15 የሥራ ቀን ካለፈ ይህ መብት ይቀራል። የምትለቅበትን ምክንያትና ቀንም በጽሑፍ ማሳወቅ አለባት። ብዙዎቹ የሚያደርጉት ሰውየውን ብሎክ አድርጎ ዝም ብሎ መጥፋት ነው። ያኔ ነገሩ ይገለበጥና «ከሥራ የቀረችው እሷ ናት» ይባላል።

መልቀቅ ካልፈለገችስ? እዚህ አገር እንዲህ ያለ ሥራ በዋዛ አይገኝም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከብቸና እስከ ሞጣ በርቀት የሚሠራ ሰው ለወራት እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። ሥራውን ያገኘ ሰው ማጣቱን የሚፈራው ለዚህ ነው፤ አለቃም ፍርሃቱን አሳምሮ ያውቃል። እንግዲህ አቤቱታ ማቅረብ ብቻውን ለማባረር በቂ ምክንያት እንደማይሆን አንቀጽ 26 ይናገራል። ስለዚህ ለድርጅቱ በጽሑፍ ታመልክት፣ ቅጂውንም ትያዝ።

አሁን ወደ ስልኩ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ ከዓመት በኋላም ቢሆን። ስለዚህ ዛሬውኑ ስክሪንሹት፤ ስሙ፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋ። መልእክቱን ወደ ራሷ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ፎርዋርድ ብታደርገው እሱ ቢያጠፋም እሷ ጋ ይቀራል። «ሲክሬት ቻት» እንክፈት ካላት ግን እዚያ በአንድሮይድ ስልክ ስክሪንሹት ስለማይሆን በሌላ ስልክ ፎቶ ታንሳው።

ነገሩ ወደ ማስፈራራት ከዞረ፣ ፎቶሽን እበትነዋለሁ ካለ፣ ጉዳዩ የፖሊስ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አንቀጽ 13 በተደጋጋሚ መልእክት ሰውን ያስጨነቀን እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ሲከብድ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

በመጨረሻ የጠየቀችኝ «ውል በወረቀት አልፈረምኩም» የሚል ነበር። ችግር የለውም፤ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። በየወሩ ደመወዝ የገባበትን የባንክ መግለጫ ታውጣ፣ ሥራ ያዘዛትንም መልእክቶች ከትንኮሳው ጋር አብራ ታስቀምጥ።