በንብ ሆድ የሚኖሩት

እኛ ጫግኒዎች የመግሪብ አዛን ሲሰማ በቴምር እናፈጥርና እጃችን ወደ ብርዙ ይሄዳል። ሱረቱ ነሕልን ስናስቀራ ደግሞ ደረሳዎቻችን ይጠይቁናል፦ መጠጡ የሚወጣው ከንቧ «ሆዶች» ነው የተባለው ለምንድን ነው? ዐረብኛው «ቡጡን» ይላል፤ ብዙ ቁጥር ነው። ንቧም የምትጠራው በሴት ጾታ ነው፤ በቀፎው ማር የሚያዘጋጁትም ሴቶቹ ሠራተኞች ናቸው።

የንብ አካል ሲታይ የአበባውን ወለላ የምትይዝበት የማር ከረጢት ለብቻው፣ ምግብ የሚፈጭበት አንጀትም ለብቻው ነው። ሁለቱም ነዋሪ አላቸው። በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ቶቢያስ ኦሎፍሰንና አሌሃንድራ ቫስኬዝ እ.ኤ.አ. በ2008 በማር ከረጢቱ ውስጥ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችን ማግኘታቸውን ጻፉ፤ ወተትን እርጎ የሚያደርጉት ዘመዶች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ እነዚሁ ባክቴሪያዎች ቁስል የሚያመረቅዙ ጀርሞችን በላቦራቶሪ ሲገቱ አሳዩ። ንብ ከእጭ ቤቷ ስትወጣ አንጀቷ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከእህቶቿና ከሰፈፉ ትወርሳቸዋለች። ምግቧን ይፈጩላታል፣ በሽታም ይከላከሉላታል።

ታዲያ ማር ስንልስ እነሱን ዋጥን ማለት ነው? አይደለም። ሆድ የሚጠቅም ባክቴሪያ፣ ፕሮባዮቲክ የሚሉት፣ በሕይወት እያለ በበቂ መጠን መወሰድ አለበት። ማር ሲበስል ግን ውሃው ስለሚቀንስ አብዛኞቹ ይሞታሉ። እሳት ላይ ጥዶ ማቅለጥም አለ፤ ስኳር የሚቀላቅለውን ነጋዴማ ለአላህ እንተወው። በሰው ላይ የተደረገው ሙከራም ገና ጥቂት ነው።

ስለዚህ «ማር ሺፋ ነው» ብሎ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት የሚተው ወንድም ሲመጣ እንመልሰዋለን። በሺፋነቱ እናምናለን፤ መድኃኒት ጣሉ ግን አልተባልንም። የስኳር ሕመም ያለበት ጾመኛ ስለ ብርዙ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከሁሉ የሚያሳስበን አራስ ቤት ነው። ለተሕኒክ ቴምር ሲጠፋ ማር የሚያስልሱ አሉ። ይህ ይቅር! ማር ውስጥ የቦቱሊዝም ጀርም ዘር ሊኖር ይችላል። እኛን አይጎዳንም፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን የሆዱ ባክቴሪያ ገና ስላልተደላደለ ዘሩ በቅሎ መርዝ ሊሠራበት፣ ትንፋሹንም ሊያቆም ይችላል። ቴምር ከታጣ በሱቅ ፈልጉ፣ ከጎረቤት ተበደሩ።

ለንቦቹም እንዲሁ ማሰብ አለብን። በአሜሪካ የነናንሲ ሞራን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ቴትራሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ፣ በ2018 ደግሞ ግላይፎሴት የተባለው የአረም መድኃኒት የንብን የአንጀት ባክቴሪያ እንደሚያመናምኑና ለበሽታ እንደሚያጋልጧት አሳይቷል። ገበሬ ወንድሞቻችን ሆይ፣ አረም ስትረጩ አበባ የያዘውን ዳር ዝለሉት፤ ንቦቹ ወደ ቀፏቸው ሲገቡ አመሻሽ ላይ እርጩ። ቀፎ ላለው ጎረቤትም ከዋዜማው ንገሩት።